የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች፦ ለአሰልጣኛችን ለሲስተር የቀረበ ምስጋና

ከሰላም ማስከበር ግዳጅ ከተመለስኩ ገና ሳምንቴ ነው። ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። በቅድመ ስምሪት ስልጠናችን ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ያስተማሩንን የጦር ነርስ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይወዱም። ስለዚህ እንደምንጠራቸው ሲስተር ልበላቸው። በእጃቸው ያለፈ ወታደር ያውቃቸዋል።

ለሰላም ማስከበር የሚሄድ ወታደር ብዙ ነገር ይማራል። ኃይል መጠቀም መቼ እንደሚፈቀድለት፣ ሲቪሎችን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ፈንጂ ያለበትን መሬት እንዴት እንደሚለይ፣ የኬላ ሥራ፣ የሬዲዮ ግንኙነት። ሁሉም ያስፈልጋል። የመጀመሪያ እርዳታ ግን አንዳንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲደክመው፣ በግማሽ ቀን ገለጻ ይታለፋል። በፊተኛው ግዳጄ እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነበር። ቱርኒኬት፣ ማለትም የሚደማ እጅ ወይም እግር ላይ ታስሮ በዘንግ እየተጠመዘዘ ደም የሚያቆመውን ማሰሪያ፣ በሥዕል አየሁ እንጂ በእጄ አላሰርኩም።

ሲስተር በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ። 10፣ 1፣ 2። በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮዎች ለከባድ ቁስለኛ የተቀመጠ የጊዜ ልክ ነው። ደም የሚያቆምና የትንፋሽ መንገድ የሚከፍት ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ቀዶ ሕክምና በ2 ሰዓት ውስጥ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አጠፏቸው። «እነዚህ የሐኪሞቹ ናቸው። 10 ደቂቃዋ የእናንተ ናት። እሷ ካለፈች ሐኪም ቢመጣም የሚያክመው ሰው አያገኝም» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም፤ የቱርኒኬት ልምምድ ብቻ። መጀመሪያ በብርሃን፣ ቀጥሎ ዓይናችንን በጨርቅ ታስረን፣ ከዚያ ጥይት መከላከያና ብረት ቆብ እንዳጠለቅን መሬት ላይ ተኝተን፣ በአንድ እጅ። ማሰሪያው ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይውላል። ጉልበትና ክርን ላይ በጭራሽ። የሚደማው ቦታ በጨለማ ካልታየ ከልብስ በላይ፣ ጭኑ ወይም ክንዱ ላይ የቻሉትን ያህል ከፍ አድርጎ ነው። ዘንጉ ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል። ያማል፣ በጣም ያማል። «ጓደኛችሁ ጮኸ ብላችሁ እንዳታላሉ» ይሉን ነበር። ካሰርን በኋላ ሰዓቱን እንጽፋለን። አንድ ሰው መጻፉን ከረሳ ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ሌላም ነገር አለ። የእያንዳንዳችን ቱርኒኬት ሁሉም በሚያውቀው አንድ ቦታ እንዲቀመጥ አደረጉ። በሁለቱም እጅ የሚደረስበት ቦታ ነው። ጓደኛህን ስትረዳ የምታወጣው የእሱን ነው፤ የራስህ ለራስህ ይቆያል። ለልምምድ የሠራንበትን ደግሞ ለግዳጅ አያስይዙንም፣ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ ይደክማልና።

እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ከ1 ደቂቃ በላይ ፈጀሁ። አልተቆጡም። «እንደገና» ብቻ አሉኝ። ማታ ሌላው ሲያርፍ ለኔና ለሁለት ልጆች ይቆዩልን ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ከ30 ሴኮንድ በታች ገባሁ።

የክትባቱንና የክኒኑንም ጉዳይ አልዘነጉም። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ እንዲወሰድ አስጨርሰውናል። ወባ እንዳይዘን ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ክኒን የታዘዘልን ደግሞ ከተመለስን በኋላም ለ4 ሳምንት እንድንቀጥል አስጠንቅቀውናል። ቤቴ ደርሻለሁ ብሎ የሚያቋርጥ ብዙ ነው። እኔ ዛሬም ጠዋት ወስጃለሁ።

በሰባተኛው ወር ሌሊት ላይ ከቅኝት ስንመለስ ከፊታችን የነበረው መኪና ተገለበጠ። የሾፌሩ ጭን ተቀዶ ነበር። አቧራው ምንም አያሳይም። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ምንም አላሰብኩም። እጄ የእሱን ቱርኒኬት ከደረቱ ላይ አወጣ፣ አጠለቀ፣ ጠመዘዘ። ጮኸ። አላላሁም። ሰዓቱን ጻፍኩ። ተልዕኮው ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ መጀመሪያ ያነበበው ያቺን ሰዓት ነው። ሾፌሩ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄዳል።

ጦር ለምታዘጋጁ አዛዦች አንድ ልመና አለኝ። ሲስተርን ማግኘት ከቻላችሁ አትለፏቸው፤ ሙሉ ቀናትም ስጧቸው። እሳቸውን ካላገኛችሁም እንደሳቸው በእጅ የሚያሠራ አሰልጣኝ ፈልጉ። ለመሄድ የምትዘጋጁ ወንድሞችና እህቶችም ስልጠናው በገለጻ ሊያልቅ ሲል «በእጃችን እንሥራው» በሉ። ነውር የለውም።

ሲስተር፣ ሾፌሩና ባለቤቱ ሰላም ብለውዎታል። እግዜር ይስጥልን። ቀጣዩ ዙር ስልጠና ሲገባ ይደውሉልኝ። ልጆቹ የሚለማመዱበት ቁስለኛ ካስፈለገዎት መሬት ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።