ጅማ ላላችሁ፦ «ስክሪኑ አልቋል» ሲሏችሁ ይህን ልጅ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ

ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። የማመሰግነው መርካቶ ያለ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ ነው። የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ታክሲ እንዳትይዙ።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለ12ኛ ክፍል ልጆች ማጠናከሪያ አለኝ። የልብ ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ በጠመኔ እንዴት ይሣላል? ስለዚህ አጫጭር ቪዲዮዎች አውርጄ፣ ፕሮጀክተር ለምኜ፣ ከላፕቶፔ አሳያለሁ። ላፕቶፑ ያረጀ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ ነው። ድሮ ዊንዶውስ ነበረው። የመምህራን ፍላሽ ግን ታውቁታላችሁ። ፈተና ለማተም ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲዞር ይውልና ማታ ቫይረስ ለቃቅሞ ይመለሳል። ሲመረኝ ያየ የእህቴ ልጅ ክረምት ላይ መጥቶ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫነልኝ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ የሚባል ነገር አላየሁም። እሱም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ እኔም ከሊኑክስ ጋር ብቻችንን ቀረን።

አንድ ሐሙስ ማታ ማሽኑ «አዲስ እትም መጥቷል፣ ላሳድግ?» አለኝ። እሺ አልኩት። ቀጥሎ የጠየቀኝንም ሳላነብ እሺ፣ እሺ እያልኩ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የጅማ ዝናብ መቼም ሲጀምር አይገላገልም። የሴል ክፍፍል ቪዲዮ ከፈትኩ። ክሮሞዞሞቹ መሀል ላይ ሊሰለፉ ሲሉ ምስሉ ተንሻፈፈ። እያንዳንዱ መስመር ከላዩ ካለው ፈቀቅ ብሎ፣ ሸማኔው ተናዶ እንደተወው ጥለት ሰያፍ ወረደ። ከዚያ የታችኛው ግማሽ አረንጓዴ ሆነ። ድምፁ ግን ጥርት እንዳለ ነው፤ ሰውየው ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ሴንትሮመር ያስረዳል። ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ሴሉ ታሟል እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን ፈርቷል።

ሰኞ መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ቪዲዮውን ለአምስት ሰከንድ አይቶ፣ «እህቴ፣ ስክሪኑ አልቋል» አለኝ። የጠየቀኝ ብር የደመወዜ ግማሽ ነው። ሁለተኛው ቤት ደግሞ ገና የሚንትን አርማ ሲያይ፣ «ይሄን ነገር ማን ጫነብሽ? ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንመልስልሽ» አለ። ፋይሎቼስ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። እዚያ ውስጥ የአሥር ዓመት የፈተና ጥያቄዎቼ አሉ። ሌላ ቦታ አልገለበጥኳቸውም፤ አትሳደቡኝ፣ ተሰድቤያለሁ። ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

ልጁን ያሳየችኝ ብርድ ልብስ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ከሱቋ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ስገባ አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል። በአፋን ኦሮሞ ቀስ እያለ ያስረዳቸዋል፤ ያልገባቸውን ሦስቴ ደገመላቸው። እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ፤ ሦስት እግር ያላት የጅማችን በርጩማ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ይህን አልደብቅም፤ ልጁ አይቸኩልም። ስልክም ቶሎ አያነሳም። የቸኮለ ሰው ይናደድበታል።

ተራዬ ሲደርስ ላፕቶፑን ለመክፈት እጁን አልሰደደም። መጀመሪያ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ቪዲዮ በማይከፈትበት ሰዓት ጽሁፍ ሲጽፉ ስክሪኑ ደህና ነው?» አዎ፣ ደህና ነው። «ይህ ቪዲዮ ስልክዎ ላይ ይሠራል?» ሞክሬ አላውቅም። ፋይሉን ወደ ስልኬ ገለበጠና ከፈተው። ክሮሞዞሞቹ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። «እንግዲህ ፋይሉ ጤነኛ ነው» አለ። ቀጥሎ ምስሉ በተንሻፈፈበት ቅጽበት ስክሪንሾት አነሳና ፎቶውን በራሱ ኮምፒውተር አየው። ፎቶው ላይም ያው መንሻፈፍ አለ። ይህን ሲያይ ሳቅ አለና፣ «ስክሪን እንዳይገዙ» አለኝ። ስክሪኑ ቢሆን ኖሮ ፎቶው ንጹሕ ይወጣ ነበር፤ ስክሪን የሚያበላሸው ዓይናችን የሚያየውን እንጂ ውስጥ ያለውን ሥዕል አይደለም። ምስሉ ስክሪኑ ጋ ሳይደርስ ነው የተበላሸው። አንዳንዴ ቪዲዮው ለብቻው በሌላ መንገድ ስክሪኑ ላይ ስለሚለጠፍ ፎቶው ውስጥ ጭራሽ ላይገባ እንደሚችልም ነገረኝ፤ የኔ ግን ገብቷል።

ደመወዜን ያተረፈልኝ ይህ ነው። አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ በአሥር ደቂቃ።

ከዚያ የሚነካካ መስሎኝ ስጠብቅ፣ «ፋይልዎ ሌላ ቦታ አለ?» አለኝ። የለም ስለው ፊቱ ተቀየረ። ሂጂና ፍላሽ ግዢ ብሎ ላከኝ፤ በእርስዎ ነው ያለው፣ ግን ትእዛዝ ነበር። አንቱ አትበለኝ ብዬም ለምኜዋለሁ፣ እምቢ አለ። ፈተናዎቼ በሙሉ ከተገለበጡ በኋላ ነው ሥራ የጀመረው።

ምክንያቱን ያስረዳኝ በጎረቤቴ ብርድ ልብስ ነው። ቪዲዮ ፋይል ውስጥ እንዳለ አይቀመጥም፤ ተጨምቆ፣ ተጣጥፎ ነው። ለመታየት መዘርጋት አለበት። የሚዘረጉት ሁለት ናቸው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሁሉንም ሥራ ይችላል፣ ግን ይደክመዋል። ሌላው የግራፊክስ ችፑ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ክፍል ስላለው ሳይሞቅ ይዘረጋዋል። ችፑን የሚያዘው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ አንዱ መስመር የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ከሳተ፣ የሚቀጥለው መስመር ፈቀቅ ብሎ ይጀምራል፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰያፉ ከዚያ ነው የመጣው። አረንጓዴውንም ጠየቅኩት። ቪዲዮ ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ በቁጥር ይይዛል። ቁጥሮቹ ሳይደርሱ ቀርተው ቦታቸው ላይ ዜሮ ሲገባ ስሌቱ አረንጓዴ ያወጣል። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከሴል ክፍፍሉ የበለጠ ወደውታል።

ቪኤልሲ የሚባለውን ቪዲዮ ማጫወቻ ከፍቶ ቱልስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ኢንፑትና ኮዴክስ የሚለው ውስጥ ገባ። የሃርድዌር አክስለሬሽኑን፣ ማለትም መዘርጋቱን ለግራፊክስ ችፑ የሚሰጠውን፣ ዲሴብል አደረገውና ማጫወቻውን ዘግቶ ከፈተው። ቪዲዮው ጥርት! እልል ልል ነበር። እሱ ግን ጣቱን አንስቶ አስቆመኝ። «ያዳምጡት» አለኝ። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወድቋል። «ይህ ማስታገሻ ነው፤ መብራት ሲጠፋብዎ ባትሪዎን ይበላዋል።» ጥፋቱ ከግራፊክሱ በኩል መሆኑን ግን አረጋገጠበት። የቸኮላችሁ ቤታችሁ ይህችን ብቻ ሞክሩ፤ ምንም አያበላሽም።

ቀጥሎ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክሱን እምብርት፣ ነገር አጣራ። ማሽኑ ሲነሳ በሚወጣው ጥቁር ዝርዝር፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለው ውስጥ ገብቶ በአሮጌው ከርነል አስነሳው። ለውጥ የለም። አዲሱን መልሶ የአፕዴት ታሪኩን ተመለከተ፤ ሐሙስ ማታ እሺ እሺ ያልኩት ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። አፍሬ ወደ ውጭ አየሁ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገኘው። ለኢንቴል ግራፊክስ ሊኑክስ ላይ ቪዲዮ የሚዘረጉ ሁለት ድራይቨሮች አሉ። አሮጌው አይ 965 ይባላል። አዲሱ አይኤችዲ ነው፤ ይኼኛው ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ችፖች ነው የሚያውቀው። የኔ ስድስተኛ ትውልድ ስለሆነ ሁለቱም ይሆኑለታል። ሁለቱም ከተጫኑ ሲስተሙ መጀመሪያ የሚሞክረው አዲሱን ነው። በእትሙ የመጣው አዲስ አይኤችዲ ከኔ ችፕ ጋር አልተስማማም። ልጁ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቶ ለአንድ ጊዜ ብቻ በአሮጌው ድራይቨር ቪኤልሲን አስነሳው፤ አክስለሬሽኑንም መልሶ አበራው። ምስሉ ጥርት አለ፣ ማራገቢያውም ዝም። ከዚያ በኋላ ነው ኢንቫይሮንመንት በሚባለው የሲስተም ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ጨምሮ ቋሚ ያደረገው። አዲሱን አልነቀለውም። ምናልባት በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል፣ ያኔ መስመሯን ማጥፋት ብቻ ነው አለኝ።

ከደብተር ግማሽ ወረቀት ቀደደና እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «የተነካ፦ አንድ ፋይል። የተጨመረ፦ አንድ መስመር። ለመመለስ፦ መስመሯን ማጥፋት፣ ሪስታርት።» መስመሯንም ከሥሩ ገለበጣት። ወረቀቷን ላፕቶፑ ሆድ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። በሕይወቴ ዕቃ ሰጥቼ ምን እንደተነካ በጽሁፍ ሲነገረኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መኪና የምታሠሩ ሰዎች፣ እናንተ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?

ስንት ልክፈል ስለው፣ «ዕቃ አልገባበትም፤ ለጊዜዬ 200 ብር» አለ። ጎረቤቴ «አንድ መስመር ጽፎ 200?» ብላ ተቆጣችለት። እኔ አልተስማማሁም። መስመሯን መጻፍ ደቂቃ ነው፤ የቷን መስመር እንደሚጽፍ ማወቁ ነው የተከፈለበት። እኔም ለማስተማር እንጂ ለጠመኔው አይከፈለኝም።

በሳምንቱ የፊዚክስ መምህራችንን ይዤ ሄድኩ። የእሱ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው፤ ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ስክሪኑ በሙሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። እዚያኛው ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ለኤንቪዲያ አብሮ የሚመጣው ኑቮ የሚባለው ነው፤ በአብዛኛው ፈቃደኛ ሰዎች የካርዱን ጠባይ ከውጭ እያጠኑ የጻፉት። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ተማሪዎች ፊት ለኤንቪዲያ መሀል ጣቱን ያሳየው ኩባንያው ከሊኑክስ ጋር አይተባበርም ብሎ ተናዶ ነው። ኩባንያው የድራይቨሩን የከርነል ክፍል የከፈተው በ2022 ነው፤ እሱም ለአዳዲሶቹ ካርዶች ብቻ። (በአውሮፓ ዘመን ነው የምቆጥረው።) ልጁ የሚንትን ድራይቨር ማኔጀር ከፍቶ «የሚመከር» የሚለውን ጫነና ሪስታርት አደረገ። ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ ጓደኛዬ ደንግጦ ኢንተር ሊመታ ሲል እጁን ያዘው። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈቀደ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከላከለው) የበራባቸው ማሽኖች አዲሱን ድራይቨር የሚቀበሉት እዚያ ገጽ ላይ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ያንን ገጽ ይዘለዋል፣ ከዚያ «ጭኜው አልሠራም» ይላል። እዚህም 200 ብር።

ሁለታችንንም ያስጠነቀቀን አንድ ነገር አለ፦ ድራይቨር ከየድረ ገጹ አታውርዱ። ይህ የዊንዶውስ ልማድ ነው። ሊኑክስ ላይ ከራሱ ማከማቻ ነው የሚወሰደው፤ ከውጭ የገባው የሚቀጥለው አፕዴት ሲመጣ ከሲስተሙ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም፤ ራሱ ለምኖኛል። ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ሰው ሲበዛበት ይጨነቃል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አመላክታችኋለሁ። አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ያን ሰዓት አትሂዱ። የተበላሸውን ቪዲዮ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ «አንድ ቪዲዮ ነበር» ብላችሁ አትቁሙበት። ቻርጀርም ያዙ። እኔ ረስቼ ሄጄ ባትሪው 4 በመቶ ሲቀረው ከብርድ ልብሷ ሴትዮ ልጅ ተበድረናል፤ የሴትዮዋ ልጅ እስከ ዛሬ «ቻርጀሬን መልሺ» ይለኛል፣ እኔ ግን መልሼለታለሁ።