«ማህፀን ያጸዳል» የሚባለውን ፓኬጅ እንዳትገዙ

እህቶች፣ እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ።

ሦስት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎብኛል። ከሦስተኛው በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ መሞከር ጀመርኩ። በኦንላይን የገዛሁት በስስ ጨርቅ የተቋጠረ፣ ብልት ውስጥ የሚቀመጥ ቅጠላ ቅጠል ነው። ሻጯ «ሙሉ ፓኬጅ» ትለዋለች፣ ሦስት ዙር አለው። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ያሟሟል፣ ጠባሳ ያነሳል፣ ቀጣዩ እርግዝና ይጸናል ተባልኩ። መቶ በመቶ!

በሁለተኛው ቀን ነጭ፣ የተቆራረጠ ነገር ወጣ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው እህቴ» አለችኝ። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ። በኋላ ዶክተሯ ስታስረዳኝ ግን ለካ የተቆጣ የብልት ፈሳሽና የተላጠ የብልት ሽፋን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለቀናት ውስጥ ማቆየት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ማህፀን ውስጥ የተጣበቀ ጠባሳ ደግሞ በቅጠል አይላቀቅም።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ጽንሱ ሲጨነግፍ ሐኪም ቤት ከተደረገልኝ ሁለተኛው የማህፀን ጠረጋ ወዲህ የወር አበባዬ በጣም ቀንሶ ነበር። አምስት ቀን የሚቆየው አንድ ቀን ሆነ፣ እሱም ጠብ ጠብ። ቁርጠቱ ግን አልቀረም። ይህን ለሻጯ ስነግራት «ጥሩ ነው፣ እየጸዳሽ ነው» አለችኝ። ለካ ማህፀኔ ውስጥ ጠባሳ ነበር፣ ምልክቱም እሱ ነበር!

ማህፀን ሲጠረግ የውስጡ ሽፋን ጠልቆ ሊጎዳ ይችላል። የተጎዱት ግድግዳዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አሸርማን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ችግሩ በጻፈው ሐኪም ስም። ጠረጋው ሲደጋገም አደጋው ይጨምራል። ጽንሱ የሚያርፍበትና ደም የሚያገኝበት ቦታ ጠባሳ ከሆነ መጽናት ይከብደዋል።

ማዮማም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ከጽንስ መጨንገፍ ጋር ስሙ የሚነሳው በዋናነት ወደ ማህፀን ክፍተት ገፍቶ የገባው ነው። በውጭ በኩል ያደገው ያን ያህል አያሳስብም። ሻጯ ግን ማዮማ ላለባትም፣ ፖሊፕ (ከማህፀን ሽፋን የሚወጣ ትንሽ እብጠት) ላለባትም፣ ምንም ለሌለባትም የምትሸጠው ያንኑ ቋጠሮ ነው።

የእኔን ጠባሳ ተራ አልትራሳውንድ አላሳየውም። የታየው በሂስትሮስኮፒ ነው፤ ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር ገብቶ ውስጡን ያያል። ጨዋማ ፈሳሽ ማህፀን ውስጥ እየተጨመረ የሚሠራ አልትራሳውንድም አለ። ተደጋግሞ ከጨነገፈባችሁ፣ በተለይ ከጠረጋ በኋላ የወር አበባችሁ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ፣ «የማህፀኔ ውስጥ ይታይልኝ» ብላችሁ ጠይቁ።

ጠባሳዬ በዚያው በካሜራው እየታየ ተቆረጠ። ተመልሶ ሊጣበቅ ስለሚችል ክትትል ላይ ነኝ። ዶክተሯ ከዚህ በኋላ አይጨነግፍም ብላ አልማለችልኝም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው የጽንሱ የራሱ የክሮሞዞም ችግር መሆኑንም ነግራኛለች። መስማቱ ከበደኝ፤ ግን ያመንኳት ያኔ ነው።

ሻጯን ገንዘቤን መልሺ ስላት ብሎክ አደረገችኝ። ሰሞኑን በሌላ ስም ስትሸጥ አገኘኋት። ማስታወቂያዋ ላይ ያለው ፎቶ እኔ የላክሁላት ነው። ከሥሩ «የደንበኛችን ውጤት» ይላል።