ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ፋይል አልሼር ላላችሁ፦ ይቺን ቴክኒሻን ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ከልቤ ላመሰግናት የምፈልጋት አንዲት ቴክኒሻን ስላለች ነው፣ ደግሞም እንደኛ ተቸግሮ የተቀመጠ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ።

ቢሮ ውስጥ አምስት ነን። ፋይላችን በሙሉ ያለው ጥግ ላይ በተቀመጠ አንድ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ነው፣ ዲዛይን የምትሰራው ልጅ ማክ ነው የምትጠቀመው፣ ሌሎቻችን ዊንዶውስ፣ ለዓመታት ምንም ችግር አልነበረም። ከዛ አዲስ ላፕቶፕ ተገዛ፣ ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ማኩ ፎልደሩን ይከፍታል፣ የድሮዎቹ ዊንዶውሶች ይከፍታሉ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ግን የድርጅታችሁ የሴኩሪቲ ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዲገባ አይፈቅድም የሚል ነገር ያወጣል። የምን ፖሊሲ? ማን ነው ያወጣው ተባባልን፣ አንድም የነካ ሰው የለም። በቃ በፍላሽ መቀባበል ጀመርን፣ አንድ ውል ሁለት ሰው በሁለት ፍላሽ አስተካክሎት የመጨረሻው የቱ እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፣ የሰው የግማሽ ቀን ልፋት ነው የጠፋው።

ከቴክኒሻኗ በፊት ሌላ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን መከላከያ) አጠፋ፣ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን፣ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበትን የድሮ ፕሮቶኮል፣ አበራ፣ ሪስታርት አደረገ፣ ሲያቅተው "ሊኑክሱን አውጡና ዊንዶውስ ጫኑበት" ብሎን ሄደ።

እሷ ስትመጣ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። ኤረሩን አሳዩኝ አለች፣ ፎቶ አነሳችው፣ ከዛ አንድ ወረቀት አውጥታ የሁሉንም ኮምፒውተር አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ጻፈች። ከአዲሱ ላፕቶፕ ወደ ሊኑክሱ ፒንግ አደረገች (አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው)፣ ይመልሳል። ቀጥላ ፖርት 445 ክፍት መሆኑን ቼክ አደረገች (የፋይል ሼሪንጉ መግቢያ እሱ ነው)፣ ክፍት ነው። ስክሪኑን ወደኛ አዞረችና "አያችሁ፣ መንገዱም አለ፣ በሩም ክፍት ነው፣ የቀረው ማነህ ሲባል መልስ ማጣቱ ነው፣ ስለዚህ ፋየርዎሉ ምንም አላጠፋም" አለችን። እኔ እዚህ ጋ ነው ልቤ ያረፈው፣ ምክንያቱም ሁለት ሳምንት ሙሉ እየገመትን ነበር፣ እሷ በአምስት ደቂቃ ችግሩ የት እንደሌለ አሳየችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊኑክሱ ፎልደር ድሮ ሲከፈት ያለ ፓስዎርድ ማንም እንዲገባ ተደርጎ ነበር፣ በእንግዳ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ደግሞ 24ኤች2 ከሚባለው አፕዴት ወዲህ በእንግዳ መግባትን በራሱ ከልክሏል፣ መልእክቱ የድርጅታችሁ ፖሊሲ ይበል እንጂ ከፋብሪካው የመጣ ሴቲንግ ነው። ያንን ክልከላ ላፕቶፑ ላይ ማንሳት ይቻላል፣ እሷ ግን እምቢ አለች፣ የሚስተካከለው ፎልደሩ ነው ብላ። ሊኑክሱ ላይ ለእያንዳንዳችን አካውንት ከፈተች፣ ሳምባ ላይም (ሊኑክሱ ፎልደሩን ለሌሎቹ ማሽኖች የሚያጋራበት ፕሮግራም ነው) ለብቻ አስመዘገበችን። ይሄን ብዙ ሰው የማያውቀው ይመስለኛል፦ ሳምባ የራሱ የፓስዎርድ መዝገብ አለው፣ ሊኑክሱ ላይ አካውንት ስላላችሁ ብቻ አያውቃችሁም። ኮንፊጉንም (የሳምባን ሴቲንግ የያዘውን ፋይል) ከመነካካቷ በፊት ኮፒውን አስቀመጠች፣ ደስ ሲል።

ኤስኤምቢ 1ን መልሳ አጠፋችው። ለምን ስላት ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን ይዛመት የነበረው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ክፍተት ነው፣ ዊንዶውስ 10ም በዛው ዓመት ከወጣው 1709 ቨርዥን ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን ማስወጣት ጀምሯል። የኛ ሳምባ ደግሞ አዲሶቹን 2 እና 3ን ይችላል፣ ታዲያ የድሮውን ማብራት ምን ይጠቅመናል? ምንም።

ፋየርዎሉን መልሳ ስታበራው ሌላ ነገር ብቅ አለ። ላፕቶፑ ላይ ስካን የምናስቀምጥበት አንድ ሼር ፎልደር አለ፣ ማኩ እሱን ማግኘት አቃተው። ለካ ላፕቶፑ የቢሮውን ኔትወርክ ፐብሊክ (የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ) ብሎ ነው የያዘው፣ ፕራይቬት ስታደርገው መጣ። ግን ፓስዎርድ ጠየቀ፣ ላፕቶፑን የምንከፍትበትን ፒን ብንጽፍ ብንጽፍ አይቀበልም። ፒን የሚያገለግለው እዛው ማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚከፍት ሰው ነው፣ በኔትወርክ ለሚመጣ የአካውንቱ ዋና ፓስዎርድ ነው የሚያስፈልገው። ስንት ሰው እዚህ ላይ ተቸንክሮ ቀርቶ ይሆን።

አንደኛው የድሮ ዊንዶውስ ደግሞ አዲሱን ፓስዎርድ ብንሰጠውም በድሮው እንግዳነት ካልገባሁ አለ፣ ኔት ዩዝ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የድሮውን ኮኔክሽን ቆርጣ እንደገና አስገባችው።

የመጨረሻው የሴቭ ነገር ነው። ዲዛይነሯ ማክ ላይ የፈጠረችውን ፋይል ሌሎቻችን ከፍተን እናየዋለን፣ ሴቭ ስንል እምቢ። ሼሩ ላይ የሚሰጥ ፈቃድና ፎልደሩ ራሱ ላይ ያለ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው አለችን፣ አንዱ ቢከፈት ሌላው ከተዘጋ ዋጋ የለውም። ሁላችንንም አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገብታ አዲስ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የግሩፑ እንዲሆን አደረገችው፣ አለቀ።

ይሄን ሁሉ ጨርሳ ልትወጣ ስትል ሂሳብ ሰራተኛችን ስማቸው የተበላሸ ፋይሎች አሳየቻት፣ እንግዳ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሆኑ። ፋይሎቹን ሊኑክሱ ላይ ስትከፍታቸው ስማቸው ደህና ነው፣ ስሙ ውስጥ ግን ለሰዓት ተብሎ የፈረንጁ ሁለት ነጥብ ገብቷል። ሊኑክስ ይቀበለዋል፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም፣ ስለዚህ ሳምባ ሌላ ስም ሰጥቶ ነው የሚያሳየው። በሰረዝ ቀየርነው፣ ተስተካከለ። (የኛው ሁለት ነጥብ ፡ ችግር የለውም፣ እሱን እዛው ሞክሬ አይቻለሁ።)

ስትሄድ ያቺን ወረቀት ትታልን ነው የሄደችው፣ አይፒዎቹ፣ ምን እንደቀየረች፣ የድሮው ኮንፊግ የት እንደተቀመጠ፣ ሁሉም በእጅ ጽሁፏ። ሊኑክሱ ጎን ለጥፈነዋል። ከዛ ወዲህ ፍላሽ የሚባል ነገር ከእጃችን ወጥቷል።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ሙያሽን ብቻ ሳይሆን ሳትሰለቺ ማስረዳትሽን ነው የማመሰግንሽ፣ አንዴም "ይሄንንማ አታውቁትም" አላልሽንም።

ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላት ኤረሩን ፎቶ አንስታችሁ፣ የትኛው ማሽን ከየትኛው ጋር እንደሚሰራና እንደማይሰራ ጽፋችሁ ጠብቋት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።