ስምንት ወር ከሰል የፈተንኩበት ኦቨን

ኦቨኑን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንቦት ገባ። ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ጎንደር ሲደርስ አንድ እግሩ ተጣሞ ነበር። 45 ሊትር ይይዛል፣ ውስጡ ማራገቢያ አለው፣ እስከ 250 ዲግሪ ይሞቃል።

ለዳቦ አይደለም የገዛሁት። አዘዞ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ከሰሊጥ አገዳ ብሪኬት (ተጨምቆ የተጠፈጠፈ የከሰል ጡብ) እንሠራለን። አንድ ቀን ማታ የሞላነውን የከሰል ዱቄት ጠዋት ለማየት እጄን ማዳበሪያው ውስጥ ስከት መሃሉ ትኩስ ነው። እሳት አልነካውም። አዲስ የተሠራ ከሰል ከአየር ኦክስጅን እየሳበ በራሱ ይሞቃል። ትንሽ ከሆነ ሙቀቱ ይወጣል፤ ሲከመር ግን መሃል ያለው መውጫ ያጣና ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ኦቨኑን የገዛሁት ከሰሉ በራሱ መሞቅ አለመሞቁን ለመፈተን ነው። ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወንፊት ሳጥን ትሞላለህ፣ 140 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት ታቆየዋለህ። የናሙናው መሃል 200 ካለፈ ወይም ከተቀጣጠለ ዕቃው ራሱን በራሱ የሚያሞቅ ነው ማለት ነው። በ2.5 ሴንቲ ሜትሯ ሳጥንም ከወደቀ ደግሞ ጭራሽ የባሰ ነው። የሚገርመው የፈተናው ስሌት ራሱ የተነሣው ከከሰል ነው፦ 27 ሜትር ኩብ ክምር በ50 ዲግሪ ሊቀጣጠል ይችላል ከሚለው። ሳጥኗን ብየዳ ቤት ሳሠራ፣ የወንፊቱ ቀዳዳ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ባለሙያው አገላብጠው አዩና «የኔ ልጅ፣ ይቺ የጠጅ ማጥለያ ናት?» አሉኝ።

ወደ ኦቨኑ ልምጣ። ሙቀቱን ቶሎ ያነሣል፣ ማራገቢያው እስካሁን አልቆመም፣ ትንሽ ሲጢጥ ማለት ጀምሯል እንጂ። ግን ስክሪኑ ይዋሻል። ሁለት ቀጫጭን ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) አስገብቼ ስለካ፣ ስክሪኑ 140 እያለ ኋላ ጥግ ላይ 147፣ በሩ ጋ 136 ሆነ። ፈተናው የሚፈቅደው ከ140 ቢበዛ 2 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ሳጥኗን መሃል አስቀምጬ የማምነው የራሴን ቴርሞካፕል ነው፤ አንዱ ናሙናው መሃል፣ ሌላው በሳጥኗና በግድግዳው መካከል። በነገራችን ላይ ቴርሞካፕላችሁን በፈላ ውኃ ስታረጋግጡ 93 አካባቢ ካሳያችሁ አትጣሉት። ጎንደር ከፍታ ላይ ነች፣ ውኃው እዚህ 100 ሳይደርስ ነው የሚፈላው።

ትልቁ ቅሬታዬ መብራት ነው። ኅዳር ላይ 19ኛው ሰዓት ላይ ጠፋ። አምስት ሰዓት ብቻ ቀርቶኝ! መብራቱ ተመለሰ፣ ኦቨኑ ግን 140 ላይ እንደነበር ረስቶ ዜሮ ላይ ቁጭ ብሏል። እንደገና ከመጀመሪያው። በማግስቱም ያው። ከዚያ በኋላ የጎረቤት ጀነሬተር በነዳጅ እየተጋራሁ ነው የምሠራው፣ እሱም ኪስ ይቦጫል። የምትገዙ ካላችሁ መብራት ሲመለስ ከነበረበት የሚቀጥል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ምሽት አዲስ የተሠራ የከሰል ዱቄት አስገባሁ። ሰባት ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ መሃሉ 140ን አለፈ፤ 163፣ 188፣ 204። ማብሪያውን አጠፋሁ። ቁጥሩ መውጣቱን አላቆመም! ከሰሉ ከዚህ በኋላ የኦቨኑን ሙቀት አይፈልግም፣ ለራሱ ይበቃል። 310 ደረሰ። እጄ በሩ ላይ ነበር፣ ግን አልከፈትኩም፤ ቢከፈት አየር ገብቶ ፍም የነበረው ነበልባል ይሆናል። ጭሱ በበሩ ጎማ በኩል ወጣና ራሴን አመመኝ። የከሰል ጭስ ቀልድ የለውም፣ በማግስቱ ኦቨኑን ከቤት አውጥቼ ዳስ ሥር አደረግኩት። አንድ ባልዲ አሸዋም አጠገቡ አለ። ጎማው በዚያ ሌሊት ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ቀየርኩት።

ያንኑ ከሰል ቀጭን አድርገን ዘርግተን አራት ቀን አየር ካስመታነው በኋላ ስፈትነው መሃሉ 171 ላይ ቆመ። አሁን ሳይዘረጋ ማዳበሪያ የሚገባ ዱቄት የለንም። ይህ ለራሳችን ነው እንጂ ለጭነት የሚቀርብ ሰርተፊኬት አይደለም፣ ኦቨኑም ለዚያ አይመጥንም። ሌላው፣ ሙቀቱን በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ እያሳደገ እስከ 400 የሚወጣው ፈተና አይሞከርበትም። 250 ላይ ያበቃል።

አንድ ዘይት ጨማቂ ጎረቤት የኑግ ፋጉሎ አምጥቶልኛል፣ መጋዘኑ ውስጥ ይሞቅብኛል ይላል። ሰኞ በትንሿ ሳጥን እጀምራለሁ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ካገኘ።