ለወንዛችን ገንዘብ የሰጠው ፋውንዴሽን፦ የሁለት ዓመት ልምዴ

ሰፈራችን ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ ዳር ነው። አሥራ ስምንት ሆነን ወንዙን የምንጠብቅበት ማኅበር አለን። አብዛኞቻችን የአንድ እድር ሰዎች ነን። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ሲረዳን ቆይቷል። «እኛም እናመልክት ወይ?» የሚሉ ማኅበራት ስለበዙ ያየሁትን ልጻፍ።

ማመልከቻው አራት ገጽ ብቻ ነው፤ በአማርኛ ይቀበላሉ። ፕሮፖዛል ጸሐፊ አልቀጠርንም። የደወለልን ሠራተኛ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ደለሉ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው። ደስ አለኝ። የከተማችንን የመጠጥ ውሃ የሚይዘው የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደተሞላ የጎንደር ሰው ያውቃል። ቀሃም አንገረብም መጨረሻቸው መገጭ ነው፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ሲታይ የጀመረው በዚያው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላውም የቀሃ ውሃ ነው። ስለዚህ እኛ እዚህ የምንከትራት ትንሽ ቦይ ታች ድረስ ትቆጠራለች።

ብሩ ብዙ አይደለም። የጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ ተሞልቶበት ክትር የሚሆን የሽቦ ሳጥን)፣ የድንጋይ ማጓጓዣ፣ አካፋና ዶማ፣ ሥሩ አፈር የሚይዝ የቬቲቨር ሳር ችግኝ፤ በቃ። የቅዳሜ ጉልበታችንን ግን በብር ተምነው የእኛ መዋጮ ብለው መዘገቡልን። ይህ ለአባላቱ ትልቅ ክብር ነበር።

ችግኙን የገዛነው ጓሯቸው ውስጥ ከሚያለሙ አንዲት እናት ነው። ደረሰኝ ስጠይቃቸው «ደረሰኙ ምን ያደርግልሃል ልጄ፣ ቆጥረህ ውሰድ» አሉኝ። ጨነቀኝ። ፋውንዴሽኑ ግን የጣት አሻራቸውና የሦስት ምስክር ፊርማ ያለበትን ወረቀት ተቀበለን። ሒሳቡን አልለቀቀም፣ እኛንም አላንገላታም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሁለተኛው ክፍያ ግንቦት ላይ ሊገባ ነበር። የገባው ሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ምክንያታቸው የበጀት ዓመታቸው መዝጊያ ነው። ክትር የሚሠራው ዝናብ ሳይገባ ነው። ሽቦው ሳይገዛ ክረምቱ መጣ፤ አንድ ሌሊት ቀሃ ሞልቶ አምና የሠራነውን የታችኛውን ክትር በጎኑ በላው። ጠዋት ስሄድ የሳሩ ረድፍ የለም። አንዲት ቁጥቋጦ ብቻ ሥሯ ሽቦው ላይ ተጠምዶ ተንጠልጥላ ነበር፤ ከታች አፈሩ ሄዷል። ሥሯን እያየሁ እንባዬ መጣ። ድንጋዩን የተሸከሙት ልጆች አብረውኝ ቆመው ነበር።

ይህንኑ ሳልሸፋፍን ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚህ በኋላ ክፍያው የካቲት ላይ እንዲሆን ተስማማን።

አማራጭ ለምትፈልጉ፣ የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ አነስተኛ የእርዳታ ፕሮግራምም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ተጀምሮ ለማኅበረሰብ ማኅበራት በቀጥታ ይሰጣል፤ የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው ለብዙ ዓመታት 50 ሺህ ዶላር ነበር። እሱን አልሞከርነውም።

የእኛን ፋውንዴሽን ግን አመልክቱበት እላለሁ። ስትፈራረሙ የክፍያውን ወር በውሉ ላይ አስጽፉ፤ ከመጋቢት እንዳያልፍ። እኛም የካቲትን እየጠበቅን ነው። ድንጋዩ ከወዲሁ ወንዙ ዳር ተከምሯል።