የስም ዝርዝሩ ያልጠየቀው ጥያቄ፦ የኦባማ የ2008 ቅድመ ምርጫ የበጎ ፈቃደኞች ድረ ገጽ

በዚህ ግምገማ የማነሣው አገልግሎት ዛሬ በሥራ ላይ የለም። እንዲህም ሆኖ ልጽፍበት የወደድሁት፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ምርጫ በመጣ ቁጥር «በየት በኩል ገብተን እንሥራ?» ብለን ስንመካከር፣ ሳናስበውም ቢሆን የሚቀርብልንን ሁሉ የምንመዝነው በእሱ ስለሆነ ነው። ስሙ ማይ ባራክ ኦባማ ዶት ኮም ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ አሳጥረው ማይቦ ይሉታል። ባራክ ኦባማ በፌብሩዋሪ 2007 በኢሊኖይ ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደር ባወጀበት ሰሞን ተከፈተ። ሥራውን ከመሩት አንዱ ከፌስቡክ መሥራቾች መካከል የሆነው ክሪስ ሂውዝ ነበር። የምርጫ ዘመቻው እስኪያበቃ ድረስ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመዝግበውበታል፣ 35,000 ያህል ቡድኖች ተቋቁመውበታል፣ 200,000 ያህል ስብሰባዎችና ዝግጅቶችም ተጠርተውበታል።

እኔ የተጠቀምሁበት ለስድስት ሳምንታት ያህል ብቻ ነው፤ ድምፅ መስጠቱን ከሁሉ ቀድማ ከጀመረችው ግዛት ከአዮዋ ውጤት ማግሥት አንሥቶ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ በአንድ ቀን ድምፅ እስከሰጡበት እስከ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 ድረስ። ስለዚህ የምናገረው በቅድመ ምርጫው፣ ማለትም የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩውን በሚለይበት ወቅት፣ ስላየሁት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። የሰፈርን የፖስታ ቁጥር ሲያስገቡ በአካባቢው የሚደረጉት ስብሰባዎች ይዘረዘራሉ፤ በአካባቢው ስብሰባ ከሌለ ደግሞ ማንም ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ራሱ ሊጠራ ይችላል። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ከፍቶ ለወዳጅ ዘመድ መላክ፣ በራስ ምርጫ ስም ቡድን መመሥረት፣ ከቤት ሆኖ ስልክ የሚደወልላቸውን መራጮች ዝርዝር ማውጣት ይቻላል። ከዝርዝሩ ጋር የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ይመጣል፤ ውይይቱ ሲያበቃ ደዋዩ የመራጩን ሐሳብ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመዘግባል፤ 1 ማለት ጽኑ ደጋፊ፣ 5 ማለት ደግሞ ጽኑ ተቃዋሚ ነው። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጃችን በናሽናል ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ የታተመውን ወረቀት መሪው ላይ ዘርግቶ ይደውል ነበር፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ወረቀቱን በጥርሱ ይዞ መኪናውን ጥቂት ሜትር ያስጠጋና ጨዋታውን ካቆመበት ይቀጥላል። የሥራ ሰዓቱ ከቢሮ ሠራተኛ ሰዓት ጋር ለማይገጥም ማኅበረሰብ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው የፖለቲካ ተሳትፎ ማክሰኞ ማታ አዳራሽ ተገኝቶ ንግግር ማዳመጥ ነበርና፣ የእኛ ሰው ደግሞ ማክሰኞ ማታ ሥራ ላይ ነው።

አገልግሎቱ ከሁሉ በላይ የፈተነን ግን እጅግ ቀላል በሆነው ክፍሉ ነው፤ የቡድኑን ስም በሚጠይቀው ባዶ መስመር። ስምንት ሰዎች ሆነን አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰበሰብን፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ግን ያችን መስመር መሙላት አልቻልንም። አንዱ «ኢትዮጵያውያን» ይበል አለ። ሌላው ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን እንዳይቀሩ «ሐበሾች» ይሻላል አለ። ሦስተኛዋ፣ ያደገችው እዚሁ ነው፣ በአቅራቢያችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰብ የጥቁር አሜሪካውያን ቡድን ስላለ ለብቻችን የምንቆምበት ምክንያት ምንድን ነው ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ከነበሩት ሣጥኖች አንዱ «ጥቁር፣ አፍሪካ አሜሪካዊ ወይም ኒግሮ» ይል ነበር፤ ከስምንታችን አምስቱ ያን ሣጥን ምልክት አድርገውበታል፣ ሁለቱ «ሌላ ዘር» በሚለው ሥር ኢትዮጵያዊ ብለው ጽፈዋል፣ አንዱ ባዶውን ትቶታል። ይህን አንዳችን ከአንዳችን የሰማነው ያን ምሽት ነው። በመጨረሻ የቡድኑ ስም በኢትዮጵያውያን ስም እንዲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከጥቁር አሜሪካውያኑ ቡድን ጋር አብረን እንድንወጣ ተስማማን። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ የተገኘው ግን ድረ ገጹ ራሳችንን በራሳችን እንድንሰይም ስለተወልን ነው። ስሙ ተዘጋጅቶ ከላይ ቢሰጠን ኖሮ ያ ውይይት ባልተደረገ ነበር።

ጥያቄው የእኛ ብቻ እንዳልነበረም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2007 ዓመቱን ሙሉ ስለ ኦባማ ራሱ «በእርግጥ ጥቁር ሊባል ይችላል ወይ?» የሚል ክርክር በጋዜጣውም በቴሌቪዥኑም ይሰማ ነበር፤ አባቱ ኬንያዊ፣ እናቱ የካንሳስ ነጭ፣ አያት ቅድመ አያቶቹ የባርነትን ዘመን በአሜሪካ ያላለፉ ናቸው በሚል። ከጥቁር መራጮችም ብዙዎቹ ነጮች እጅግ የሚበዙባት አዮዋ በጃንዋሪ 3 እስክትመርጠው ድረስ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ነበሩ። በ1972 ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች የአንዱን የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ለማግኘት የተወዳደረችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሸርሊ ቺዝም እንኳ አባቷ ከጉያና፣ እናቷ ከባርቤዶስ የመጡ ስደተኞች ናቸው። የስደተኛ ልጅ የጥቁር አሜሪካን ጉዳይ ተሸክሞ ለዕጩነት ሲቀርብ አዲስ ነገር አልነበረም ለማለት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ። በደቡብ ካሮላይና መራጭ ሲመዘገብ ዘሩ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ቀስቃሹ ማን ጥቁር ማን ነጭ እንደሆነ ከመዝገቡ ያያል። ዘመቻው በዚያ ግዛት በፀጉር አስተካካይ ቤቶችና በውበት ሳሎኖች፣ በአብያተ ክርስቲያናትም በኩል ሰፊ ሥራ ሠርቶ፣ በጃንዋሪ 26 ቀን 55 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። የቨርጂኒያ ምዝገባ ግን ዘርን አይጠይቅም፤ መራጩ የየትኛው ፓርቲ አባል እንደሆነም አይጠይቅም። እጃችን የገባው ወረቀት ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ስልክ ብቻ የያዘ ነበር። እኛም ወገኖቻችንን በዓይናችን እንፈልግ ጀመር፤ በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ የሚጀምር ስም ሲገኝ በቢጫ ቀለም እናሰምርበታለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አባላችን ያላየነውን አሳየን፦ አሕመድና መሐመድ የሚሉትን ስሞች ሁሉ አልፈናቸው ነበር። የሐረር፣ የወሎና የጅማ ወገኖቻችን በቢጫው ቀለም ውስጥ አልነበሩም። ይህ የድረ ገጹ ጥፋት አይደለም፣ የእኛው ነው፤ ማንነትን በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ማንን እንደሚያስቀር ግን ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ በሕንፃዎቹ ያሉትን በሮች አንድም ሳንዘል ማንኳኳት ጀመርን።

ከእነዚያ በሮች አንዱን እነግራችኋለሁ። በዝርዝሩ ላይ የነበረው የ19 ዓመት ወጣት ስም ነው፤ በሩን የከፈቱት ግን ነጠላ ያጣፉ እናቱ ነበሩ። ሰላምታ ተለዋውጠን የመጣሁበትን ስነግራቸው ሥራ ላይ ያለው ልጃቸው ማታ እንደሚመለስ ገለጹልኝና በሩን ሳይዘጉ አተኩረው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰውየው ጥቁር ስለሆነ ነው እንዲህ የምትለፋለት?»

«ለእሱ ብቻ አይደለም፣ እማማ። እኛም እኮ እዚህ አገር ጥቁር ነን።»

«እኛማ ሐበሻ ነን» አሉ፣ ያለ ቁጣ፣ የታወቀ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «አባትየው የኬንያ ሰው ነው አይደል? ታዲያ ጎረቤታችን ነዋ። ሞያሌን ተሻግሮ እኮ ነው!» አሉ።

በእኔና በእሳቸው መካከል ያለውን ልዩነት በዚያ ደጃፍ ላይ አልፈታነውም፤ በሞያሌ በኩል ግን ተገናኘን። እሳቸው ገና ዜግነት ስላልወሰዱ መምረጥ አይችሉም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በበጎ ፈቃድ መሥራትም ሆነ ገንዘብ መለገስ ሕጉ እንደሚፈቅድለት ስነግራቸው ግን ተገረሙ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ለበጎ ፈቃደኞቹ ድፎ ዳቦ ላኩ። ልጃቸው በወረቀቴ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ ተመዘገበ። የእሳቸውን ቃል የሚያሰፍር ሣጥን ቅጹ አልነበረውም።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት በስልክ ነው። ከሪችመንድ አካባቢ አንድ አረጋዊ ጥቁር አሜሪካዊ አነጋገሬን ሰምተው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ሳቅ ብለው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱኝ። በ1988 ለፓርቲው ዕጩነት ለተወዳደረው ለጥቁሩ የመብት ታጋይ ለጄሲ ጃክሰን በዚያው ከተማ ቤት ለቤት ዞረዋል፤ ጃክሰንም በዚያ ዓመት የቨርጂኒያን ቅድመ ምርጫ አሸንፏል፤ ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ከዚያ ምርጫ በኋላ ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጡትን የጉባኤ ልዑካን ሁሉ በድምፅ መጠን እንዲያከፋፍል፣ አሸናፊው ሁሉን የሚወስድበት መንገድ እንዲቀር ያስገደደውም ጃክሰን ነው፤ 15 በመቶ ያገኘ ተወዳዳሪ ድርሻውን ይወስዳል። ኦባማ በ2008 በተሸነፈባቸው ታላላቅ ግዛቶች ሳይቀር ልዑካን እየሰበሰበ የሄደው በዚህ ደንብ ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ 40 ደቂቃ ያህል ሄደ፤ «እናንተ የመጣችሁት በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ደግ አደረጋችሁ፣ ግቡ፤ ማን እንደከፈተው ግን እወቁ» ብለው ዘጉ። ከጥቁርነት ጥያቄ ጋር የተያያዘ ከዚህ የበለጠ ጨዋነት ያለው ቃል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

የአገልግሎቱ ድካም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጹ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ስልክ በደወሉ፣ ዝግጅት በጠሩ፣ ገንዘብ ባሰባሰቡ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ያ የ40 ደቂቃ ውይይት ግን ሰው ካላነሣው ጥሪ ጋር እኩል አንድ ስልክ ተብሎ ይቆጠራል። በብዛት የሚለካ ሥርዓት ትዕግሥትን ሊለካ አይችልም፤ ገና እምነት ያልጣለ ማኅበረሰብ ደግሞ የሚሳበው በትዕግሥት ነው። የቋንቋም ጉዳይ አለ፤ የአማርኛውን በራሪ ወረቀት ያዘጋጀነው ራሳችን ነን፣ «ቅድመ ምርጫ» የሚለውን ቃል ብቻ ለማስረዳት አንድ አንቀጽ ፈጅቶብናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የባለቤትነቱ ነገር ነው። ኦባማ ሥልጣን ሲይዝ፣ በጃንዋሪ 2009፣ ያ ታላቅ መዋቅር ኦርጋናይዚንግ ፎር አሜሪካ በሚል ስም ወደ ዴሞክራቲክ ፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ገባ። በሕግ ረገድ ነቀፌታ የለውም። ሆኖም በራሳችን ስም የሰየምነው ቡድን የቆመው በሌላ ሰው መሬት ላይ እንደነበር ዘግይቶ ነው የተገለጠልን። የአባሎቻችንን ስልክ በራሳችን ደብተር የጻፈች አንዲት እኅት ባትኖር ኖሮ በቀጣዩ ዓመት ለአካባቢ ምርጫ የምንጠራው ሰው ባልነበረን።

የምርጫው ዕለት ምሽት የበረዶ ዝናብ ጣለ፤ መንገዱ መስታወት ሆነ፤ በሜሪላንድ የምርጫው ሰዓት 90 ደቂቃ እስከ መራዘም ደረሰ። በቨርጂኒያ ኦባማ 64 በመቶ ያህል፣ ክሊንተን 35 በመቶ ያህል አገኙ፤ ልዑካኑም 54 ለ29 ተከፈሉ። ከነጭ መራጮችም ግማሽ ያህሉ ለእሱ ሰጥተው ነበር።

ዛሬ ተመሳሳይ መገልገያ በስልካቸው ላይ ጭነው ለቅስቀሳ የሚወጡ ወጣቶች ሲያማክሩኝ፣ ማይቦን ለሁለት ነገር እንደ መመዘኛ እንዲወስዱት እመክራለሁ፦ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቡድን ለመመሥረት ማስቻሉ፣ ራስንም በራስ ቃል ለመሰየም መተዉ። ይህን የማይሰጥ መገልገያ ቢቀርብላችሁ ጊዜያችሁን አትስጡት። የጎደለውን ደግሞ እኛ በሦስተኛው ሳምንት እንዳደረግነው መሙላት ይቻላል፤ በታተመው ወረቀት ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ዓምድ አሰምረን በአንዱ «ቋንቋ»፣ በሌላው «ምን አሉ» ብለን ጻፍን። ማታ ማታ ቁጥሩን ወደ ድረ ገጹ ካስገባን በኋላ እነዚያን ሁለት ዓምዶች ለብቻ ጮክ ብለን እያነበብን፣ በማግሥቱ ማን ወደየትኛው በር እንደሚመለስ እንወስን ነበር።