ሞንቶ፣ ጋሚ ወይስ ኮፒ? የድሮ መኪና ውድድር ሥዕል ለሚገዙ

የመጀመሪያዎቹን የመኪና ውድድሮች የሚያሳዩ፣ በእጅ የተቀቡ የድሮ ህትመቶች ስትፈልጉ ሁለት ፊርማ ደጋግሞ ይገጥማችኋል፤ ኧርነስት ሞንቶ እና ጋሚ። ሁለቱም የፓሪስ ሥራ ናቸው። ጋሚ የሞንቶ ባለቤት የማርገሪት የብዕር ስም ነው። ሦስተኛው ምርጫ ዘመናዊው ኮፒ ነው።

ሞንቶን የምትገዙት ለፍጥነቱ ነው። ጎማው ክብ አይደለም፤ ወደፊት ያዘነበለ ሞላላ ነው። ከመኪናው ኋላ አቧራውና የንፋሱ መስመር ይከተላል። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። በ1903 እ.ኤ.አ. የፓሪስ-ማድሪድ ውድድር ብዙ ሰው በአደጋ ስለሞተ ቦርዶ ላይ ተቋረጠ። በ1906 ደግሞ ሌ ማን ላይ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ግራን ፕሪ ተካሄደ፤ ሲዝ የተባለ ሾፌር በሬኖ መኪና አሸነፈ።

ሞንቶ በ1909 ነው ያረፈው። ስለዚህ የ1911 ውድድር የሚያሳይ ሥዕል «የሞንቶ ነው» ከተባላችሁ ሻጩን በደንብ አፋጡት።

የጋሚ አሣሣል ከባሏ ብዙም አይርቅም። እሷ ግን አውሮፕላንም አብዝታ ሥላለች። ለእኔ ዓይን የሞንቶ መኪና ይበልጣል፤ አየር ላይ ግን ጋሚን የሚያህል የለም።

ኮፒውስ? ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፤ ኮፒነቱ እስከተነገራችሁ ድረስ ነውር የለውም። ችግሩ በኦሪጅናል ዋጋ ሲሸጥ ነው። አጉሊ መነጽር ያዙና የሾፌሩን ቆብ እዩ። ኦሪጅናሉ ላይ ቀለሙ በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ሰሌዳ) በኩል በብሩሽ የተቀባ ስለሆነ ድፍን ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወፈር ይላል፣ አንዳንዴም ከጥቁሩ መስመር ያልፋል። ያንኑ ሥዕል ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ እንኳ ሰማዩ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ኮፒው ላይ ግን ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይበተናል። በኮፒ ላይ በእጅ ቀለም ሊደረብ ስለሚችል ጥቁሩንም መስመር አትዝለሉት፤ እሱም ነጠብጣብ ከሆነ ዘመናዊ ህትመት ነው።

ከፊርማው በላይ ግን ጉዳቱን እዩ። ፀሐይ ያደበዘዘው ሞንቶ ከመግዛት ቀለሙ ትኩስ የሆነ ጋሚ መግዛት ይሻላል። ከሥር የነበረው ርዕስና የአሳታሚው የማቢሎ ስም ተቆርጦ ከሆነ ዋጋው መውረድ አለበት። ካርቶን ላይ የተለጠፈም እንዲሁ፤ መላጡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሻጩ ከፍሬም አላወጣም ካለ ተዉት፤ ከመስታወት ሥር ሆኖ ወረቀት አይመረመርም።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላቸው፤ ፍሬም ሲጨመር ጠባብ ኮሪደር አይበቃቸውም። ያላችሁ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ብቻ ከሆነ ኮፒውን ስቀሉ።